ጋራዡን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? ፒኤ ትምህርት ቤት ለሚያስብ ወንድሜ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «27 ዓመቴ ነው፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። በባዮሎጂ ዲግሪ አለኝ፣ ጂፒኤዬ 3.2 ነው። ዲሲ ውስጥ የፓርኪንግ ጋራዥ ሱፐርቫይዘር ነኝ። በሰዓት 26 ዶላር አገኛለሁ፣ በሳምንት 45 ሰዓት እሠራለሁ። ከቤት ኪራይ ሌላ በየወሩ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ 400 ዶላር እልካለሁ። ፒኤ (ፊዚሺያን አሲስታንት፣ ከሐኪም ጋር ሆኖ የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ) መሆን እፈልጋለሁ፤ ግን 60 ሰዓት በጎ ፈቃድ እንጂ ሌላ የሕክምና ልምድ የለኝም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂም ይቀሩኛል። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ብገባ ደሞዜ በጣም ይወርዳል። ሥራዬን ልልቀቅና ሰዓቱን ቶሎ ልሙላ ወይስ ሁለቱንም ላስኪድ? ለመጪው ኤፕሪል ማመልከት አስቤአለሁ።»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ። ሥራህን አትልቀቅ። ግን በ45 ሰዓቱም አትቀጥል። ለመጪው ኤፕሪል ደግሞ አታመልክት፤ ያንተ ከዚያ የሚቀጥለው ኤፕሪል ነው። ይህን ስታነብ እንደሚከፋህ አውቃለሁ። እኔም ባንተ ዕድሜ «አንድ ዓመት ጠብቅ» ያለኝን ሰው ምቀኛ ነው ብዬው ነበር።

አሁን ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ፒኤ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት አንተ ያለህበት ቦታ ነበርኩ። እውነቴን ነው፣ ጋራዥ ውስጥ! የማታ ካሸር ነበርኩ፣ እግር ሥር ትንሽዬ ማሞቂያ ባለባት የመስታወት ሳጥን ውስጥ። ደብተር የምገልጠው አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪመጣ ነበር።

እስቲ መጀመሪያ የኔን ጥፋት ስማ። ቸኮልኩ። ቀን ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማታ ጋራዥ፣ በመሃል ደግሞ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ። ክፍሉን ሳይጨምር በሳምንት ሰባ ምናምን ሰዓት ማለት ነው። ለአራት ወር ያህል ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ወጥቼ ስነዳ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ያዘኝና እዚያው መሪው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። እግሬ ፍሬኑን ለቀቀ፣ መኪናዋ ቀስ ብላ ሄዳ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ገጨች። ሰው አልነበረም፣ እግዜር ይመስገን። ያን ሴሚስተር ኬሚስትሪዋን በሲ ጨረስኳት። ከዚያ በሴፕቴምበር፣ 700 ሰዓት ይዤ፣ ለ11 ትምህርት ቤት አመለከትኩ። ወደ 700 ዶላር ሄደ። አንድም የቃለ መጠይቅ ጥሪ አልመጣም። በሰዓት አንድ ዶላር ከፍዬ ነው የተባረርኩት ማለት ይቻላል።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ምን መሰለህ፣ ሰዓት የትም አይሄድም። ዛሬ ሠርተህ የያዝከው 12 ሰዓት የዛሬ ሁለት ዓመትም ያው 12 ሰዓት ነው፣ ሌላ ይጨመርበታል እንጂ አይቀነስም። ሲ ግን አንዴ ከተጻፈች ተጻፈች። ካስፓ፣ ማለትም አብዛኞቹ የፒኤ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉበት የጋራ ሥርዓት፣ ኮርስ ብትደግም አዲሱን ውጤት በድሮው አይተካልህም። ሁለቱንም ይቆጥራል። ኮሌጅህ ትራንስክሪፕቱ ላይ ቢተካልህ እንኳ ካስፓ የራሱን ስሌት ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሰዓት ለመሙላት ብለህ ውጤትህን ካበላሸህ፣ የሚሞላውን ነገር ለማግኘት የማይሞላውን ሰጠህ ማለት ነው።

ያንተ ነገር ላይ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ። የሚያስፈራው ሰዓትህ አይደለም፣ 3.2ህ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ዝቅተኛው 3.0 ነው ይላሉ፤ የሚገቡት ልጆች አማካይ ግን 3.5 እና 3.6 አካባቢ ነው። 3.2 ይዞ የገባ አላየሁም ማለቴ አይደለም፣ አይቻለሁ። ግን ሁሉም ማለት ይቻላል የመጨረሻ ኮርሶቻቸው ኤ ነበሩ። የቀሩህ ሦስት ኮርሶች ለዚህ ወርቅ ናቸው። አስመራጩ «ይሄ ልጅ ኮሌጅ እያለ ምን እንደነካው እንጃ፣ አሁን ግን እየሠራ ኤ ያመጣል» እንዲል የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ሦስቱንም በአንድ ሴሚስተር አትውሰድ፣ እለምንሃለሁ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሰፈርህ ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። ብቻ ልታመለክትባቸው ያሰብካቸው ፕሮግራሞች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስና ኦንላይን ላብ ይቀበሉ እንደሆነ ከመክፈልህ በፊት እያንዳንዱን ዌብሳይት እይ።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ካስፓ የጤና ሥራ ልምድን በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ፒሲኢ ነው፤ በሽተኛውን በእጅህ የምትነካበት፣ ለእሱ እንክብካቤ በቀጥታ ኃላፊ የምትሆንበት ሥራ። ሁለተኛው ኤችሲኢ ነው፤ ጤና ተቋም ውስጥ ነህ፣ ግን በሽተኛውን አትነካም፦ ሪሴፕሽን፣ ቢሊንግ፣ ፋርማሲ፣ ምግብ ማደል። አንዱን ሰዓት በሁለቱም ሥር መጻፍ አይቻልም። ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ የየራሳቸው ትርጉም አላቸው፤ ስክራይብን (ሐኪሙ ሲመረምር አጠገቡ ሆኖ የሚጽፈውን) አንዱ ፒሲኢ ይለዋል፣ ሌላው አይ ይላል። የሚፈልጉት መጠንም እንደዚያው ነው። ምንም ዝቅተኛ የማያስቀምጥ አለ፣ 500 የሚል አለ፣ 1,000 የሚል ብዙ ነው፣ 2,000 የሚልም አለ። በሳምንት 40 ሰዓት ለሃምሳ ሳምንት የሠራ ሰው 2,000 ይሞላል፤ ሌላውን በዚያ ለካው።

ይህን ልምድ ለምን እንዲህ ያጠብቁታል ካልክ፣ ሙያው የተወለደው ከዚያ ነው። በ1965 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶክተር ዩጂን ስቴድ የመጀመሪያውን ክፍል ሲከፍት የተቀበላቸው የባሕር ኃይል የሕክምና ረዳት የነበሩ ወታደሮችን ነው። ቁስል ያሰሩ፣ ደም ያዩ ሰዎች። ከዚያ ጀምሮ «መጀመሪያ ሥራውን ቅመስ» የሚለው ነገር የሙያው ልማድ ሆኖ ቆየ። (እግረ መንገዴን፣ ለእናትህ ፒኤ ምን እንደሆነ ማስረዳት ካቃተህ «እንደ ጤና መኮንን ነው» በላት፣ በአንድ ጊዜ ይገባታል። ጎንደር ላይ የጤና መኮንኖች ማሠልጠኛ የተከፈተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ነው፣ ከዱክ 11 ዓመት ቀድሞ። ይሄን ሥራ ቦታ ስናገር ፈረንጆቹ አያምኑኝም።)

የትኛውን ሥራ ትያዝ? ላንተ ሁኔታ የምለው ሲኤንኤ ገብተህ ሆስፒታል ውስጥ ፒሲቲ (በሽተኛ የሚንከባከብ ረዳት) መሆን ነው። ኢኤምቲ (የአምቡላንስ ሕክምና ሠራተኛ) ጥሩ ነው፣ ግን ሥልጠናው አንድ ሴሚስተር ይበላል፣ ደሞዙም ከሲኤንኤ ብዙ አይሻልም። ሜዲካል አሲስታንት ደግሞ አብዛኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀን ነው፣ ከጋራዡ ጋር ይጋጫል። ሆም ኬር በኛ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፣ ምናልባት አክስትህም ትሠራ ይሆናል፣ ግን ሰርተፊኬት ሳይኖርህ አዛውንት ቤት ውስጥ አብሮ መዋልን ብዙ ትምህርት ቤት በጥርጣሬ ነው የሚያየው። የአማርኛ አስተርጓሚነትስ? ደሞዙ ደህና ነው፣ ለድርሰትህም ብዙ ነገር ታያለህ፤ ግን አብዛኛው ቦታ ኤችሲኢ ነው የሚባለው። እንደ ተጨማሪ ያዘው፣ እንደ ዋና አይሆንም።

ሲኤንኤ ለመሆን ለግል ትምህርት ቤት ሺህ ምናምን ዶላር ከመክፈልህ በፊት አንድ ነገር እወቅ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበል ነርሲንግ ሆም የራሱን ሠራተኛ በሥልጠና ማስከፈል አይችልም፣ የፌዴራል ደንብ ነው። ራስህ ከፍለህ ተምረህ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቤት ከተቀጠርክም የከፈልከው እንዲመለስልህ ሕጉ ያዛል። ይሄን የሚነግርህ የለም፣ ጠይቅ። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ለመሥራት ስቴቱ የትኛውን ዓይነት ሰርተፊኬት እንደሚጠይቅ ማጣራትም አትርሳ። ሥልጠናው በፌዴራል ደረጃ ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፣ የኛ አካባቢ ስቴቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። የቅዳሜና እሑድ ክፍል ያላቸው አሉ።

ስለ ሥራው አንድ ቃል። ሽማግሌ ታጥባለህ፣ ዳይፐር ትቀይራለህ፣ ታጎርሳለህ። እኔ ስጀምር እናቴ በስልክ «ዲግሪ ይዘህ ሰው ልታጥብ?» ብላኝ ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። እኔም ለጓደኞቼ «ሆስፒታል ነው የምሠራው» እያልኩ አለፍኩት፣ ነርሲንግ ሆም መሆኑን ሳልናገር። አሁን ግን ድንገተኛ ክፍል አንድ አሮጊት ግራ ተጋብታ ስትመጣ፣ ገና ታሪኳን ሳልሰማ ከአልጋው አጠገብ ቆሜ ከንፈሯ መድረቁን፣ ተረከዟ መቅላቱን፣ የፈራችው መርፌውን ሳይሆን ብቻዋን መቅረቱን የማየው እዚያ በተማርኩት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይም ያዳነውን ሰው የሚተርክ አመልካች ብዙ ነው። እኔ የነገርኳቸው ስለ አንድ ምግብ እምቢ ስላለ ሽማግሌ ነው። ሦስት ቀን ያልበላ ሰው ነበር፣ ሁሉም «አይተባበርም» ብለው ጽፈውበታል። ጥርሱ በሌላ ሰው ኩባያ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። በቃ ያ ነው ታሪኩ። ከጠያቂዎቹ አንዷ ሳቀች፣ ሌላው ማስታወሻ ያዘ።

እሺ፣ ሒሳቡን እንሥራ፤ ዋናው እዚህ ነው።

አሁን በሳምንት 40 ሰዓት በ26፣ አምስቱ ደግሞ በአንድ ተኩል፣ ማለት በ39። 1,235 ዶላር ታክስ ሳይነሳ። ለቀህ ሙሉ ጊዜ ፒሲቲ ብትሆን፣ ሆስፒታል ሙሉ ጊዜ የሚለው ብዙውን ጊዜ ሦስት የ12 ሰዓት ሺፍት ነው፣ 36 ሰዓት። በሰዓት 21 ዶላር ብንል 756። በሳምንት ወደ 480 ዶላር፣ በወር ከሁለት ሺህ በላይ ጎደለ። ይህ የእናትህ 400 ብቻ አይደለም፣ ኪራይህም አብሮ ይናጋል። ስለዚህ አትልቀቅ ያልኩህ በስሜት አይደለም።

በሌላ በኩል ጋራዡን ወደ 30 ሰዓት አውርደው፣ ሦስት የአሥር ሰዓት ቀን። 780 ዶላር። ሠላሳን የመረጥኩት ዝም ብዬ አይደለም፤ በጤና መድን ሕጉ በሳምንት 30 ሰዓት የሠራ ሰው እንደ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው የሚቆጠረው፣ ትልቅ ድርጅት ከሆነ መድንህ አይነካም። ከ30 በታች ከወረድክ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። በላዩ ላይ ሆስፒታል ቅዳሜና እሑድ ሁለት 12 ሰዓት ያዝ፣ ፐር ዲየም (ሲፈልጉህ ብቻ የምትገባበት) ወይም የዊክኤንድ ቦታ። የዊክኤንድ ጭማሪውን አስገብተን በሰዓት 23 ብንል 552። ድምሩ 1,332። ካሁኑ ይበልጣል! ግን 54 ሰዓት ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ዘመድም የሚታይበት እሑድ የለህም። ለዚህ ነው ይህን ትምህርት በሌለህ ጊዜ ብቻ የምታደርገው። ሴሚስተር ሲጀምር ከሁለቱ ሺፍት አንዱን ጣል፤ 780 ሲደመር 276፣ 1,056 ይሆናል። ካሁኑ በሳምንት 180 ገደማ ያንሳል። ያቺን ጉድለት በሰመር ካስቀመጥከው ትሞላታለህ።

ጊዜውን ደግሞ እንዲህ አየዋለሁ። እስከ ዲሴምበር የሲኤንኤ ሥልጠናና ፈተና። ከዚያ ቅጥሩ፣ የጀርባ ምርመራው፣ የቲቢ ምርመራው፣ ክትባቱ እያለ ጃንዋሪ ይሄዳል፤ እንደ ጋራዥ «ነገ ና ጀምር» አይሉህም። ፌብሩዋሪ ላይ ሥራ ጀመርክ እንበል፣ እስከ ያንተ ኤፕሪል 65 ሳምንት አለ። ስፕሪንግ አናቶሚ አንድን ብቻ ውሰድ። ሰመሩ ከትምህርት ነፃ ይሁን፣ ሥራበት። ፎል ላይ አናቶሚ ሁለትንና ማይክሮን ውሰድ። ክፍል ያለባቸው ሠላሳ ሳምንታት በአንድ ሺፍት 360 ሰዓት፣ የቀሩት ሠላሳ አምስት በሁለት ሺፍት 840 ሰዓት። 1,200 ሆነ። ጉንፋን ይዞህ፣ ለቅሶ ደርሰህ፣ የእህትህ ሰርግ ሆኖ የሚቀረውን ቀንስና ከሺህ በላይ ትሆናለህ። ይህ 2,000 ለሚሉት አይበቃም፣ እነሱን ተዋቸው። 500ና 1,000 ለሚሉት ግን በሦስት ኤ የታጀበ 1,100 ሰዓት ከደከመ 2,000 ይሻላል፤ ቢያንስ እኔ አስመራጭ ብሆን እንደዚያ ነው የማየው።

በመጪው ኤፕሪል ብታመለክትስ? በዚያን ጊዜ 150 ሰዓት ግድም፣ ያላለቀ አናቶሚ፣ ማይክሮ የለ። ካስፓ ላይ ደግሞ ገና ወደፊት የምትሠራውን ሰዓት መቁጠር የለም፣ እስካመለከትክበት ቀን ያለው ብቻ ነው። ክፍያው ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት 180 ዶላር አካባቢ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ 60 ገደማ፣ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው የሚጠይቁትን፣ ሳፕሊመንታል የሚሉትን ክፍያ ሳይጨምር። «አንድ ዓመት ስትቆይ የአንድ ዓመት የፒኤ ደሞዝ ታጣለህ» የሚሉህ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በ2024 የፒኤ መካከለኛ ደሞዝ በዓመት 133 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ግን ቸኩሎ አመልክቶ የተጣለ ሰውም ያንኑ ዓመት ያጣል፣ የማመልከቻውን ገንዘብና ሞራሉን ጨምሮ። አሠራሩ ብዙ ቦታ ቀድሞ የመጣን ቀድሞ የሚያይ ነው። ካስፓ በኤፕሪል መጨረሻ ሲከፈት ሁሉ ነገርህ ተዘጋጅቶ በሜይና በጁን ብትልክ፣ እንደኔ በሴፕቴምበር ከምትልክ በጣም ይለያያል።

ሌላ ማንም የማያስበው ነገር የምስክር (ሪኮመንዴሽን) ደብዳቤ ነው። ካስፓ ቢያንስ ሁለት ይፈልጋል፣ እስከ አምስት ይቀበላል። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚሠራ ሰው ችግሩ ምንድን ነው፣ ኃላፊዎቹን አያገኛቸውም። ነርስ ማናጀሯ ከሰኞ እስከ ዓርብ ናት፣ ስምህን የምታየው የሺፍት ፕሮግራሙ ላይ ብቻ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ደብዳቤ ልጠይቅ ቢሮዋ ሄጄ «ይቅርታ፣ የትኛው ክፍል ነህ?» ስትለኝ ነው። በወር አንድ ቀን የሥራ ቀን ላይ ሺፍት ቀይረህ ግባ። እዚያ ፎቅ ላይ ፒኤ ካለ ደግሞ ራስህን አስተዋውቅ፣ አንድ ቀን አብሬህ ልዋል በለው። ሻዶዊንግ ለማግኘት በኢሜይል ሃምሳ ሰው ከመለመን፣ አብረኸው ባንድ ፎቅ የምትሠራውን መጠየቅ ይቀላል። እኛ አገር ልጅ ይሉኝታ አለብን፣ «ላስቸግርህ» ማለት ይከብደናል። እነሱ ግን ለምደውታል፣ እነሱም ለምነው ነው የገቡት።

ሰዓትህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ መዝግብ። ስልክህ ላይም ይሁን ደብተር ላይ፦ ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ የትኛው ክፍል፣ ምን ሠራህ፣ ኃላፊህ ማን ነበር። የደሞዝ ወረቀትህን አትጣል። ግማሽ ቀን ስልክ ስታነሳ፣ ግማሽ ቀን በሽተኛ ስትነካ ከዋልክ ለሁለት ክፈለው እንጂ ሁሉንም ፒሲኢ አታድርገው፤ ትምህርት ቤቶቹ ለኃላፊህ ይደውላሉ።

የጋራዡን ሥራ ደግሞ አትደብቀው። ብዙ ልጆች ማመልከቻው ላይ አይጽፉትም፣ ያፍራሉ። ካስፓ ከጤና ውጭ ለሆነ ሥራም ቦታ አለው። ሃያ መኪና ቆሞ ጥሩምባ እየነፋ፣ የካርድ ማሽኑ ተበላሽቶ፣ የተናደደ ሰው መስኮትህን ሲደበድብ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ማነጋገር ለድንገተኛ ክፍል ከዚያ የተሻለ ሥልጠና እንጃ። ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምር ከሆነ ወይም የማኅበረሰቡ ጤና ቀን ላይ ደም ግፊት የለካህ እንደሆነ በበጎ ፈቃድ ሥር ይገባል። ያችን 60 ሰዓትህን ትንሽ ትንሽ እያልክ አሳድጋት፣ ለሷ ብለህ ሥራ አትቅር።

ገንዘቡን አሁን ያነሳሁብህ በምክንያት ነው። ፒኤ ትምህርት ቤት አማካይ 27 ወር ገደማ ነው፣ አብዛኞቹ ሥራ አትሥሩ ይላሉ፣ የሚከለክሉም አሉ። ብትሞክር ራሱ አትችልም። ብዙ የግል ፕሮግራም ክፍያው ብቻ ከ100 ሺህ ዶላር ያልፋል። ድሮ የጎደለውን ግራድ ፕላስ በሚባለው የፌዴራል ብድር እንሞላው ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ግን ያንን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ዘግቶታል። ለተራ የማስተርስ ተማሪ የፌዴራል ብድሩ በዓመት 20,500 ዶላር ላይ ያቆማል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ስትጽፍ የምትጠይቀው ስለ ጂፒኤ ብቻ አይሁን፤ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን የትኛው ጣሪያ እንደሚመለከትህና ተማሪዎቻቸው ቀሪውን እንዴት እንደሚሸፍኑት ጠይቅ። የስቴት ዩኒቨርሲቲዎችን አስቀድም። ሥራ ልትይዝበት ያሰብከው ሆስፒታል የትምህርት ድጋፍ ካለው ደግሞ ለአናቶሚው ተጠቀምበት፤ አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ መስጠት ይችላል። ግን ለፐር ዲየም ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አይሰጡም፣ ለቋሚ ግማሽ ጊዜ ሠራተኛ የሚሰጡ አሉ። ለዚህ ብቻ ሲባል በሰዓት አንድ ዶላር የሚያንስ ቦታ መምረጥ ያዋጣል።

ለእናትህ የምትልከው ነገር። 400 በ27 ወር ስትባዛ 10,800 ዶላር ነው። «አልልክም» አትልም፣ አውቃለሁ። እኔም አላልኩም። ግን ያችን ገንዘብ ትምህርት ከመጀመርህ በፊት ለብቻዋ አስቀምጣት፣ ወይም ከወንድምና እህት ጋር ቁጭ ብለህ «ለሁለት ዓመት እናንተ ያዙልኝ» በል። እኔ ያደረግሁት እቁብ ነው። የጋራዥ ልጆች እቁብ ነበረን፣ ዳኛውን ለመንኩትና ዕጣዬ ወደ መጨረሻው እንዲሆንልኝ አደረግሁ፤ ትምህርት ልጀምር ሁለት ወር ሲቀረኝ ደረሰኝ። በሱ የማይመለሰውን የቦታ ማስያዣ ከፈልኩ፣ የቀረውን ለቤት ላክሁ። ባንክ ውስጥ ቢሆን ያን ጊዜ ድረስ አይቆይም ነበር፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

አገር ቤት ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሆነው ሠርተው የመጡ ሰዎችም ይህን ሳያነቡት አይቀሩም። የናንተ ሰዓት ብዙ ቦታ ይቆጠራል፣ አትጣሉት። የሠራችሁበት ተቋም ደብዳቤና ኢሜይል የሚመልስ የቀድሞ ኃላፊ ያስፈልጋችኋል። የትምህርት ማስረጃው ተገምግሞ ይቀርባል፣ ብዙዎቹ ግን ቅድመ ኮርሶቹን እዚህ አገር እንድትወስዱ ይጠይቃሉ። የናንተ ጉዳይ ረጅም ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ወደ አንተ ልመለስ። ይህ ሁሉ የቆመው ጋራዡ ሦስት የአሥር ሰዓት ቀን ይሰጥሃል በሚለው ላይ ነው። የኛ ሰው ከሆነ አለቃህ መጀመሪያ «ምን አጠፋሁብህ?» ሊልህ ይችላል፣ አትደንግጥ፣ የምትሄድ መስሎት ነው። ከበዓል ቀን ሥራ አንዱን እኔ እወስዳለሁ በለው፣ ገናን ወይም ታንክስጊቪንግን፣ በዚያ ይለሰልሳል። ምን እንዳለህ ጻፍልኝ። እምቢ ካለ ቁጥሩን እንደገና እንሠራዋለን።